ከማንጎው ወዲህ፣ ከማንጎው ወዲያ

ቅዳሜ ጠዋት ጫሞ ሐይቅ ዳር ስደርስ መጀመሪያ የሚሰማኝ ድካም ነው። ደስታው፣ ከመጣ፣ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሳምንቱን ሙሉ የአካባቢ ሳይንስ ሳስተምር እከርማለሁ፤ ጉሮሮዬ በጠመኔ ብናኝ ይደርቃል። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሰፈር በባጃጅ ስንገጫገጭ ወርጄ፣ ወፍ ለማየት የመጡ ሰዎችን ይዤ ውሃ ዳር ለውሃ ዳር እንከራተታለሁ። እነሱ ትኩስ ናቸው። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጡረተኞች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ፈረንጅ ይቀላቀላቸዋል። ኮፍያቸው አዲስ ነው፤ የካሜራቸው አፍንጫ ክንድ ያክላል። ያ ምንድን ነው ይሉኛል። ሽመላ ነው እላለሁ። እነዚያ ነጫጮቹስ? ፔሊካን። ያ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ሰብሮ የሚንጎራደደውስ? እሱ አባ ኮዳ ነው፤ ዓሣ ከሚበለትበት ቦታ አይጠፋም፣ ብዙ አትቅረቡት፣ ይሸታል። ጥያቄው በየሳምንቱ ያው ነው፣ መልሱም ያው ነው፤ በየሳምንቱ የማረጀው እኔ ብቻ ነኝ።

በመጨረሻ ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ንስሯ ነበር። ራሷና ደረቷ ነጭ፣ ክንፏ ጥቁር የሆነች፣ ዓሣ እያደነች የምትኖር ንስር። ስትጮህ ራሷን ወደ ኋላ ቆልምማ ነው፤ ድምፅዋ ከወዲያኛው ዳር ሁሉ ይሰማል። ከዳር ራቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የቆመ አንድ ደረቅ ዛፍ ነበር፤ ቅጠል የለው፣ ቅርፊት የለው፣ አጥንት የመሰለ። ጎጆዋን የሠራችው እሱ አናት ላይ ነበር። እንግዶቼ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካሜራቸውን ያነጣጥራሉ። ዛፉ ማንጎ እንደነበረ፣ ማንጎውም የእናቴ እንደነበረ፣ ከሥሩ ያለው ውሃም ሙዝና በቆሎ የምናበቅልበት መሬታችን እንደነበረ አልነግራቸውም። አንድ ሁለቴ ነግሬ አይቻለሁ። ወዲያው ፊታቸው ይለወጣል፣ ውይ ውይ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ንስሯን ደስ ብሏቸው ማየት ያፍራሉ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው ደስታ መንሳት ምን ይሠራል? ዝም ይሻላል።

የማንጎው ነገር እንዲህ ነው። መሬታችን ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ከሚገባበት ብዙም አይርቅም ነበር። አባቴና ጎረቤታችን ጎልማሶች ሳሉ፣ በሁለቱ መሬት ድንበር ላይ አብረው ቆፍረው አብረው ተከሉት። በእኛ አገር ድንበር ላይ ዛፍ መትከል የተለመደ ነው። ድንጋይ ሰው ያነሳዋል፣ አጥር ይበሰብሳል፤ ዛፍ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ከማንጎው ወዲህ የወደቀው ፍሬ የእኛ፣ ከማንጎው ወዲያ የወደቀው የእነሱ ነበር፤ በልጅነቴ በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም። ነገር የመጣው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ጎረቤታችን አንድ ቀን ተነስተው ማንጎው ሙሉ በሙሉ በእኔ መሬት ላይ ነው፣ ድንበሩ የሚያልፈው ከግንዱ ወዲህ ነው አሉ። እናቴ ደግሞ ድንበሩ የሚያልፈው በግንዱ መሃል ለመሃል ነው አለች።

ልብ በሉ፤ የሚጣሉበት የአንድ ግንድ ግማሽ ውፍረት ነው። በዚያ ላይ ስንቴ ሽማግሌ ተቀመጠ! ስንቴ እርጥብ ሳር ተይዞ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባለ! ሽማግሌዎቹ እያረጁ ሄዱ፣ እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፣ ነገሩ ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናቴም ጎረቤታችንም ሞኞች አይደሉም፤ ግን አልለቀቁም።

ከዚያ ሐይቁ መጣ። እንደ ጎርፍ ድንገት የመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የገባው። መጀመሪያ ታች ያለው ሙዝ ሥሩ ረጥቦ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ በቆሎው ቆሞ ሳለ ዳክዬ በመሃሉ ይዋኝ ጀመር። ከዚያ መንገዱ ጠፋ። አንዱ ከተራራው የሚታጠበው አፈር ነው የሐይቁን ሆድ የሞላው አለ፣ ሌላው ዝናቡ ነው አለ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጾም ጸሎት ታወጀ። የእኛም የጎረቤታችንም መሬት እኩል ሰጠመ። እናቴ ከፍ ብሎ ዋናው መንገድ ጋ ወዳለች አንዲት ክፍል ቤት ወጣች፤ ጎረቤታችንም እዚያው ሰፈር ከወንድማቸው ልጅ ግቢ ተጠጉ። ማንጎው ብቻ ውሃ መሃል ቀረ፣ ቅጠሉን አራግፎ ደረቀ። እኔ እንግዲህ መሬቱ ሲሄድ ጠቡም አብሮ ሄደ ብዬ ነበር፤ ውሃ ላይ ምን ድንበር አለ ብዬ። የእናቴን ነገር አላውቅማ!

በየጠዋቱ እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወርዳ በእኛ በኩል ካለችው ሾላ ሥር ትቀመጣለች። ጎረቤታችን ሽማግሌው ደግሞ መሬታችን ላይ ከገባው ውሃ ወዲያ ማዶ፣ በእነሱ በኩል፣ የተደፋ ቢጫ ጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ማንጎውን ያያሉ። ሰላምታ የለም። ፀሐይ ሲበረታ መጀመሪያ የሚነሳ የለም፤ አንዳቸው እስኪነሱ ሌላው ይጠብቃል። ምን እንዳያደርጉ ነው የምትጠብቂያቸው፣ ውሃውን ያርሱታል እንዴ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለችኝ። ውሃ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል፤ ያን ቀን መሬቴ የት እንደነበረ የሚመሰክርልኝ ያ ዛፍ ብቻ ነው አለችኝ። ዛፉ ከሌለ ሰውዬው ያሻቸውን ሊሉ ነው፤ እሷ ደግሞ መበለት ናት፣ ያለቻት ልጅ እኔ ነኝ፣ እኔም ወፍ አያለሁ። ይችን የመጨረሻዋን ነገር የምትላት በተለየ ድምፅ ነው።

ደክሞኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ጉልበቷ ያማታል፣ ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷን ይዤ በሳምንቱ መሃልም እወርዳለሁ። ነይ ከእኔ ጋር ከተማ ኑሪ፣ ውሃ ከቧንቧ ቅጂ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው እላታለሁ። ባለቤቴም ለምኗታል። እሺ አትልም። እኔ ከዚህ ከሄድኩ እሱ ብቻውን ይቀመጣል ትላለች። ብቻቸውን ቢቀመጡ ምን ይሆናል ስላት፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቆጥራ ታየኛለች።

እንግዶቼ ሁለቱን አዛውንቶች ወፍ የሚያዩ ነው የሚመስላቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ለተፈጥሮ እንዲህ ያለ ፍቅር እያሉ ያደንቃሉ። ከእነሱ መሃል ሰሜን አገር ተወልደው በመንግሥት ሥራ እዚህ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ቅዳሜ አይቀሩም፣ ካሜራቸውም ከሁሉም ይረዝማል። አንድ ጊዜ እናቴን አዩና ባይኖኩላራቸውን፣ ያን የሩቅ ማያ መነጽር፣ ከአንገታቸው አውልቀው በሁለት እጃቸው ሰጧት። እሷም ተቀብላ ዓይኗ ላይ ደቀነች። ረጅም ጊዜ አየች። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ንስሯን አዩዋት ወይ ብለው ጠየቁ። ሥሩ ተሸርሽሯል አለቻቸው። ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ዕድሜ ነው በሚል ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ከማዶ ሽማግሌው አይተው ኖሮ፣ እሳቸውም በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ወስጄ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ንስሯን ከቁብ አልቆጠሯትም። ግንዱን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ መነጽሩን ሲመልሱልኝ፣ ወደ እናንተ ዘሟል ብለው አጉረመረሙ። ለእናቴ ስነግራት ዘሞ ከወደቀ እንጨቱ የእኛ ነው አለች። ጉድ እኮ ነው።

ማንጎው የወደቀው በጥር ነፋስ ነው። ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ስልኬ ጠራ፤ እናቴ በሥራ ሰዓት ደውላ ስለማታውቅ ተማሪዎቼን ትቼ ወጣሁ። ወደቀ ብቻ አለችኝ። ማን ወደቀ? ሽማግሌው መስለውኝ ነበር። ማንጎው ነው አለች። ኮሪደሩ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ለዚህ ነው ተማሪ ጥዬ የወጣሁት ብዬ ልቆጣት ስል ድምፅዋን ሰማሁት። እናቴ በአባቴ ሞት እንኳ እንዲያ አልተንቀጠቀጠችም።

«አሁን እሱ የፈለገውን ቢል ማን ይመልስለታል?» አለችኝ።

ስወርድ ዛፉ የለም። ከነሥሩ ተነቅሎ ተንሳፎ ነበርና ዓሣ አጥማጆች ጎትተው ለማገዶ ወስደውታል። ንስሯ ከላይ ትዞራለች፤ የጎጆዋ ጭራሮ ውሃው ላይ ተበትኗል። እናቴ ከሾላው ሥር ቆማለች፤ አልተቀመጠችም። ሽማግሌው ጀሪካናቸው ላይ ናቸው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም አይሉም። ያ ዝምታቸው እናቴን ከምንም በላይ አስፈራት። እያሰበ ነው አለችኝ፣ ምን እንደሚል እያሰበ ነው።

ያኔ ፎቶዎቹ ትዝ አሉኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ስንት ሰው ስንት ጊዜ አንስቶታል! ያ ዛፍ ከአርባ ምንጭ ዛፎች ሁሉ በላይ ፎቶ የተነሳ ዛፍ ነው። ጨዋው ጡረተኛ ጋ ደወልኩ፤ ጊዜ ሳይፈጁ ያላቸውን ሁሉ በቴሌግራም ላኩልኝ። ይኸው፣ እዚህ ውስጥ የት እንደቆመ ከተራራው ጋር አመሳክረን እናገኘዋለን ብዬ ስልኬን ይዤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያዋን ከፈትኩ። ንስሯ አለች። የመንቁሯ ሥር ቢጫው፣ የያዘችው ዓሣ ቅርፊት፣ ከጥፍሯ የሚንጠባጠበው ውሃ ሳይቀር ጠብታ በጠብታ ይታያል። ከኋላዋ ግን ተራራም የለ፣ ዳርም የለ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ጉም ብቻ ነው። ሁለተኛዋን ከፈትኩ። ሦስተኛዋን። ሁሉም ያው ናቸው። ንስሯ ጠርታ፣ ምድሩ ደብዝዞ። የካሜራው ጠባይ ነው፣ ሩቅ ያለችውን ወፍ ሲያቀርብ ሌላው ይደበዝዛል ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እናቴ በጣቷ እየገፋች እስከ መጨረሻው አየቻቸው።

«ጥፍሯን ሳይቀር አንስተዋታል፤ መሬቴስ የታለ?» አለች።

ስልኩን መለሰችልኝ። አንቺስ አለችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት በመነጽር ስታዪ ኖረሻል፤ እስኪ የት ነበር የቆመው? ተነስቼ ጣቴን ቀሰርኩ። እዚያ ጋ አልኩ። ከዚያ ደግሞ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ግራ አልኩ። ጣቴ ውሃው ላይ ሄደ፣ መጣ። ንስሯ ላባዋን የምትቀይርበትን ወቅት አውቃለሁ፣ ባሏ ከየት በኩል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ጫጩቶቿ ስንት ሳምንት ሲሞላቸው እንደሚበሩ አውቃለሁ። የተቀመጠችበት የእናቴ ዛፍ የት እንደነበረ አላውቅም ነበር። እናቴ ጣቴን ይዛ ዝቅ አደረገችው፤ ተይው አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው በጋ ሐይቁ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ ሸሸ። ብዙ አይደለም፤ ግን ከዳር እርጥብ ጥቁር ጭቃ ብቅ አለ። የእኛ አገር ሰው ጭቃ አይቶ አያድርም። በማግስቱ ዶማ የያዘ ሰው ሞላ፤ ስኳር ድንችና በቆሎ መትከል ተጀመረ፣ ከላይም ከታችም ድንበር ድንበር የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። እናቴ ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አለች። ተቀመጡ። የማንጎው ቦታ ራሱ ገና ከውሃው አልወጣም፤ ከጭቃው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ የጉልበት ውሃ ያህል ቢኖረው ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ማንጎውን ከተከሉት ሁለት ሰዎች በሕይወት ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ቦታውን እሱ ያሳይ አሉ። ማለትም ጎረቤታችን፤ ማለትም ከሳሹም ተከሳሹም የነበሩት ሰው። እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች።

ድንበር የገፋ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል። ሥርዓት ለጣሰ ሰው በራሱም በልጁም በከብቱም ላይ የሚመጣ መዓት ነው ጎሜ። እናቴ ጌታን ካገኘች ወዲህ ጎሜ የሚባል ነገር አልፈራም፣ የድሮ ሰው ነገር ነው ትላለች። ያን ቀን ግን ሰውዬው በጣም እንዲፈሩት ትፈልግ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እየጸለየች ይሁን እያስፈራራች እግዜር ይወቀው።

ጎረቤታችን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ተሰጣቸው። ውሃው ጫፍ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩና ያን መነጽርሽን ይዘሽ አዞ ጠብቂልኝ አሉኝ። ጫሞ ውስጥ እግሩን የሚነክር ሰው ማወቅ ያለበትን ያውቃሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍ ትቼ ውሃውን ብቻ አየሁ፤ የሚንሳፈፈውን ግንድ ሁሉ ዓይን አለው የለውም እያልኩ። እሳቸው ቀስ ብለው ገቡ። ቆሙ። ተራራውን አዩ፣ ከዚያ ሾላውን አዩ፣ ከዚያ ዞረው እናቴን አዩዋት። ሽማግሌዎቹን አይደለም፤ እናቴን። ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዱ። ቆይተው መለስ አሉ። እኔ ውሃው ላይ ዓይኔን ተክዬ እጄ ዛለ። በመጨረሻ አጣናውን ከፍ አድርገው በሁለት እጃቸው ጭቃው ውስጥ ሰኩት፣ ወዘወዙት፣ እንደገና ሰኩት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጮክ ብለው እናቴን እዚያ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየች፤ እኔ የማላየውን ነገር ከምን ከምን ጋር እንደምታስተያይ አላውቅም። ከዚያ እዚያ ነው አለች። ጎረቤታችን ጭቃ በጭቃ ሆነው ወጡ። ድንበሩስ በግንዱ መሃል ነው ወይስ በዳሩ ብሎ አንድ ነገረኛ ሰው ጠየቀ። ጎረቤታችን እሱን አላዩትም፤ የመለሱት ለእናቴ ነው።

«ይሄ አጣና ቀጭን ነው፤ መሃሉም ዳሩም አንድ ነው። ከእንግዲህ ምን ያጣላናል?»

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴ ላይ ተደግፋ ነበር። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቁሯል። ምነው አልኳት። አልዋሸም አለችኝ፣ እንደ ስሞታ። መዋሸት ይችል ነበር፣ አልዋሸም። እንግዲያው ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አደከመኝ? እኔም አንቺስ ለምን አደከምሻቸው ልላት ነበር፤ ግን ጉልበቷ ሲያማት አይቼ ተውኩት።

ታረቁ እንዳልል አልታረቁም። እናቴ ሾላው ሥር፣ እሳቸው ጀሪካኑ ላይ፣ እንደ ድሮው ተራርቀው ይቀመጡ ነበር። ለውጡ፣ እናቴ ስትነሳ እሳቸውም ይነሳሉ። በወጣችው ጭቃ ላይ ሁለቱም በቆሎ ተከሉ። በሚያዝያ ዝናቡ መጣ፣ ሐይቁም ተመለሰ። በቆሎው ገና አበባ ሲያወጣ ሰጠመ፤ ሁለቱም ከየቦታቸው ሆነው ሲሰጥም አዩት። ውሃው አጣናው ላይ ከፍ እያለ መጣ፤ ጫፉ ብቻ ቀረ። ንስሯ ወደ ሌላ ዳር ሄዳለች። አጣናው ጫፍ ላይ ግን አንዲት ጥቁርና ነጭ የሆነች ዓሣ አጥማጅ ወፍ ማረፍ ለመደች፤ ከዚያ ቁልቁል ትወረወርና ዓሣዋን ይዛ ትመለሳለች። እንግዶቼም እሷን ማንሳት ጀመሩ።

ጎረቤታችን በጥቅምት ሞቱ። ለጥቂት ቀን አሟቸው ነበር፣ ሆስፒታል ተወስደው ተመለሱ፣ ቤታቸው አረፉ። እናቴ ለቅሶ ሄዳ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ወንዶች ልጆቻቸው ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ መጥተው ነበር፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጫማቸው ንጹሕ። ለቅሶው ሲበተን እናቴ ተነስታ ሄደችባቸው። እኔም ምን ልትል ነው ብዬ ተከተልኳት። ኑ፣ ድንበራችሁን ላሳያችሁ አለቻቸው። አባታችሁ የተከለው ምልክት አለ፣ ከእሱ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው፣ ሳልሞት እወቁት። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትልቁ እጇን ይዞ፣ በፍቅር ነው የተናገረው፣ ንቀት አልነበረበትም።

«እማማ፣ እሱ እኮ ሐይቅ ነው። ሁሉንም እርስዎ ይውሰዱት።»

እናቴ እጇን ከእጁ አላቀቀች። ከሽማግሌው ጋር በተጣላችበት ዘመን ሁሉ እንዲያ ስትጎዳ አላየኋትም። ቤት ስንደርስ ነጠላዋን እንደለበሰች አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ምን ብዬ እንደማጽናናት ሳጣ፣ መሬቱ ሁሉ የአንቺ ሆነ እኮ አልኳት፤ ቀልድ ይሆናል ብዬ። ምን ላድርገው አለችኝ፣ የእኔ መሆኑን ማን ያውቅልኛል?

ተከታዩ ቅዳሜ ሥራዬን እንደ ሥራዬ ይዤ ወረድኩ። እንግዶቹ ከኋላዬ ናቸው፤ አንዷ ሴትዮ ስለ ፔሊካን ጥያቄ አላት፣ ጨዋው ጡረተኛ ካሜራቸውን እየጠረጉ ነው። ሾላው ሥር እናቴ የለችም። በርጩማዋም የለም። ወዲያ ስመለከት ማዶ፣ በሽማግሌው በኩል አየኋት። ቢጫው ጀሪካን እንደተደፋ አለ፤ ማንም አላነሳውም። እናቴ በርጩማዋን እሱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በዚያ ጉልበቷ ያን ሁሉ ዳር ዞራ በርጩማ ተሸክማ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። እንግዶቹን ጥዬ ሄድኩ። ስደርስ ቁጣም ድካምም አንድ ላይ መጣብኝ፤ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ቦታሽ እዚያ አይደለም እንዴ አልኳት።

ዓይኗን ከውሃው አላነሳችም።

«በዚያ በኩልማ እኔ አለሁለት። በዚህ በኩል የሚያይለት ሰው የለም።»

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዓይኔ ደክሟል፣ እስኪ እይልኝ፣ አጣናው ቆሟል ወይ አለችኝ። ባይኖኩላሩን አነሳሁ። ዓሣ አጥማጇ ወፍ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች፣ መንቁሯ ውስጥ ዓሣ ይዛለች፣ ላባዋ በፀሐዩ ያብረቀርቃል። እሷን ተውኩና ወደ ታች አየሁ። አጣናው የት ቦታ ውሃውን እንደሚነካ አየሁ፤ ከጀርባው ካለው የተራራ ትከሻ ጋር፣ በእኛ በኩል ካለው ሾላ ጋር አስተያየሁት፤ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ። ቆሟል አልኳት። ከማዶ እንግዶቹ ያቺ ምን ወፍ ናት እያሉ ይጠሩኛል። ትንሽ ጠብቁኝ አልኩና ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩ።